የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነጂ እና የአባቷ ቪትዝ፦ በአዳማ የአንድ ቤተሰብ የመኪና መድን ጉዳይ

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አጋማሽ በአዳማ ከተማ ፖስታ ቤት አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ሦስት ወረቀት ይዘው ቤቴ መጡ። አንደኛው የመኪናቸው ሙሉ መድን በጥር ወር መጨረሻ እንደሚያበቃና ለማደስ 4,004 ብር እንደሚያስፈልግ ከመድን ኩባንያቸው የተላከ ማስታወቂያ ነበር። ሁለተኛው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው በኅዳር ወር የተቀበለችው የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ኩባንያ ሄደው ልጃቸው እንደምትነዳ ከተናገሩ በኋላ የተሰጣቸው የዋጋ ማቅረቢያ ሲሆን፣ ከግርጌው 11,875 ብር የሚል ተጽፎበታል። አባትየው ሁለቱን አኃዞች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ «ልጄ መንጃ ፈቃድ ስላወጣች ብቻ ሦስት እጥፍ ልክፈል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በተሽከርካሪ መድን ሥራ፣ በተለይም በካሳ ክፍል፣ ረጅም ዓመታት ስለቆየሁ ብዙ ሰው ይህን መሰል ጥያቄ ያመጣልኛል። ይህኛውን በጽሑፍ ለማስቀመጥ የወሰንኩት ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ሲሆን፣ የሰዎቹንም ሆነ የኩባንያዎቹን ስም አልጠቅስም። የምጠቅሳቸው ዋጋዎችና የውል ቃሎች በዚህ ጉዳይ ላይ የተሰጡ ናቸው፤ ሌላ ኩባንያ በሌላ ጊዜ የተለየ ስሌት ሊያቀርብ ይችላል። ስሌቱ የሚሠራበት መንገድ ግን በየመድን ቤቱ ተመሳሳይ ነው።

መኪናዋ ኮድ 2 ቶዮታ ቪትዝ ስትሆን በ2007 ዓ.ም. በ260,000 ብር የተገዛች ናት። አባትየው የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ባለቤታቸው ገበያ ውስጥ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አላቸው፤ ሱቁ ከሚከፈትበት ሰዓት ቀደም ብለው ከወፍጮ ቤት ዱቄቱን ማምጣት ስላለባቸው መኪናዋ ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች። ይህን ሥራ ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩት አባትየው ነበሩ። አሁን ልጅቱ ለምን መንዳት እንዳስፈለጋት ስጠይቃቸው «ትልመድ ብዬ ነው» ብለው አለፉት። ልጅቱ ግን አባቷን አየት አድርጋ ዝም አለች። የዚያ ዝምታ ምክንያት በኋላ ላይ የጉዳዩ ዋነኛ ፍሬ ሆኖ ተገኘ።

በመጀመሪያ የትኛው መድን ምን እንደሚሸፍን አስረዳኋቸው፤ አባትየው የአራት ዓመት ደንበኛ ቢሆኑም የሦስተኛ ወገንና የሙሉ መድን ልዩነት በግልጽ አልገባቸውም ነበርና። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ መንዳት አይችልም፤ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎም ይህ ማስረጃ ይጠየቃል። አዋጁ የደነገገው ሽፋን በመኪናው ለሚጎዳው ለሌላው ሰው የተዘጋጀ ነው፤ መጠኑም በዚያን ጊዜ ለሞት ከ5,000 ብር ያላነሰና ከ40,000 ብር ያልበለጠ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር ነበር። የራስ መኪና ቢሰበር፣ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ከዚህ ሽፋን አንዲት ብር አይገኝም። ያንን የሚሸፍነው ባለቤቱ በፈቃዱ የሚገባው ሙሉ መድን ነው።

ከዚህ ጋር አባትየውን ያስደነገጣቸው ሌላ ነገር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን፣ መኪናውን የነዳው ሰው የመንዳት ፈቃድ ያልሰጡት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ እንደማይቀርለት ይደነግጋል፤ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካላስረዳ በቀር። ስለዚህ «እኔ አልነዳሁም፣ ልጄ ናት የነዳችው» የሚለው መልስ አያድንም። ፍርድ ቤት የሚወስነው ካሳ በአስገዳጁ መድን ከተሸፈነው መጠን በላይ ከሆነ ልዩነቱ የሚፈለገው ከሊብሬው ባለቤት ነው። በዚህ ምክንያት በሙሉ መድኑ ውስጥ ያለውን የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ጣሪያ መመልከት እንዳለባቸው ነገርኳቸው። አብዛኛው ሰው ስለ ክፍያው ይከራከራል እንጂ ይህን አኃዝ አያነብም፤ እኔ ግን ወጣት ነጂ ባለበት ቤት መጀመሪያ መነበብ ያለበት እርሱ ይመስለኛል።

ጀማሪ ነጂ ለምን ብዙ እንደሚያስከፍል ልጅቱ ራሷ ጠየቀችኝ። የመድን ኩባንያ የነጂውን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የመንጃ ፈቃዱንም ዕድሜ ይመለከታል። ሕጉ በ18 ዓመት አውቶሞቢል መንዳት ይፈቅዳል፤ መድን ሰጪው ግን ከዚያ ቀጥሎ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አደጋ እንደሚበዛ ያውቃል። ማርሽና ፍሬን የሚለመዱት በማሠልጠኛው ነው። ከመንገዱ ዳር የቆመው ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ሊዞር እንደሆነ ከፊት ጎማው አቀማመጥ መገመት፣ ጋሪ የሚስበው ፈረስ በክላክስ እንደሚደነግጥ ማወቅ፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ተሳቢ መኪና ሲዞር ጅራቱ ምን ያህል መንገድ እንደሚይዝ መረዳት የሚመጣው በመንገድ ላይ በሚያልፍ ጊዜ ብቻ ነው። አዳማ ደግሞ ባጃጁም ጋሪውም ተሳቢውም በአንድ ጎዳና የሚገናኙባት ከተማ ናት። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከመጣ ወዲህ በዚያ መንገድ ፍጥነት ለምዶ ወደ ከተማው የሚገባ ነጂም አለ። ልጅቱ ይህን በጥሞና ሰማችና «እንግዲያው ቅር አይለኝም፤ ግን አባዬ የሚከፍለው መጠን ፍትሐዊ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?» አለችኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር።

እኔ ዘንድ ከመምጣታቸው በፊት ክፍያውን የሚያሳንሱ ሦስት መንገዶች ተነግረዋቸው ነበር፤ ሦስቱንም አንድ በአንድ መርምረናል።

የመጀመሪያው ሙሉ መድኑን ትቶ በሦስተኛ ወገን ብቻ መሄድ ነው። ይህ ሕጋዊ ነው፤ መኪናው ቢጠፋ ሌላ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ሊመርጠው ይችላል። ይህች ቪትዝ ግን የቤተሰቡ ትልቋ ንብረት ናት፤ የእናቲቱ ሱቅም የሚቆመው በእርሷ ነው። ስለዚህ በጥቂት ደቂቃ ተወያይተን ተውነው።

ሁለተኛውን የነገራቸው አንድ የመድን ወኪል ሲሆን፣ «የልጅቱን ነገር ቅጹ ላይ ባናነሣው ይሻላል፤ አደጋ ከደረሰ አባትየው ነበሩ የነዱት ይባላል» ብሏቸዋል። እንዲህ ያለ ምክር ስሰማ እስከ ዛሬ እቆጣለሁ። የንግድ ሕጋችን በአንቀጽ 667 መድን የሚገባው ሰው መድን ሰጪው አደጋውን እንዲመዝን የሚያስችሉትን የሚያውቃቸውን ነገሮች ሁሉ እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ እንደሆነ ውሉ ፈራሽ የሚሆንበትን ሁኔታ ቀጣዩ አንቀጽ 668 ያስቀምጣል። አደጋ በደረሰ ጊዜ የትራፊክ ፖሊስ ቦታው ላይ ተገኝቶ ፕላን የሚባለውን የአደጋውን ንድፍ ሲያነሣ የነጂውን ስምና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ይመዘግባል፤ የካሳ ጥያቄው የሚታየውም በዚያ ሪፖርት ነው። ስለዚህ ወኪሉ ያቀረበው ሐሳብ ሲፈታ አባት ያልነዱትን ነዳሁ ብለው ለፖሊስ እንዲናገሩ፣ ሰው ተጎድቶ ከሆነም የወንጀሉን ክስ በልጃቸው ፈንታ እንዲሸከሙ፣ ልጅቱም በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከአባቷ ጋር ሐሰት እንድትመሰክር ማድረግ ነው። ይህን ስነግራቸው ልጅቱ «አባዬ፣ እንዲህ ከሆነ ባልነዳ ይሻለኛል» አለች።

ሦስተኛው መንገድ መኪናዋን በድሮው ዝቅተኛ ግምት ማሳደስ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው የሚገባበት ስለሆነ ጊዜ ወስጄ አስረዳሁት። የእድሳት ማስታወቂያው 4,004 ብር የሆነው መኪናዋ ዛሬም በ2007 ዓ.ም. የተገዛችበትን 260,000 ብር እንደምታወጣ ተቆጥሮ ነው። ኩባንያው የግምቱን 2.2 በመቶ ማለትም 5,720 ብር ያስብና፣ አራት ዓመት ካሳ ስላልጠየቁ ኖ ክሌም የሚባለውን የ30 በመቶ ቅናሽ ይቀንስላቸዋል። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የመኪና ዋጋ እጅግ ንሯል፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመሳሳይ ቪትዝ በአዳማ ገበያ 380,000 ብር ይጠራ ነበር። ከዋጋ በታች መድን የገባ ሰው ካሳ የሚያገኘው በዚያው መጠን ተመጥኖ ነው። መኪናዋ 38,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስባት ኩባንያው ጉዳቱን በ260,000 አባዝቶ ለ380,000 ያካፍልና 26,000 ብር ብቻ ይከፍላል፤ 12,000 ብሩ ባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ብዙዎች ይህ ስሌት የሚመጣው መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲወድም ብቻ ይመስላቸዋል፤ በትንሹም ጉዳት ላይ ይሠራል። ግምቱን ወደ 380,000 ብር ማሳደግ ክፍያውን ከ4,004 ወደ 5,852 ብር ያደርሰዋል፣ ልዩነቱ 1,848 ብር ነው። በእኔ አስተያየት በአራት ዓመት ውስጥ ቤተሰቡን ከሁሉ የበለጠ ለአደጋ አጋልጦት የነበረው ይህ ያልታደሰ ግምት ነው። ማስታወቂያውን የላከው ኩባንያም ግምቱን እንዲያድሱ በአንድ መስመር እንኳ አለማሳሰቡ አሳዝኖኛል።

በዚህ መሃል አንድ ወረቀት ጎደለኝ፤ የመጀመሪያው የመድን መጠየቂያ ቅጽ። አባትየው በማግስቱ ከፋይላቸው አውጥተው አመጡት። ቅጹ ላይ «ነጂው የእይታ ወይም የአካል ጉድለት አለበት?» ለሚለው ጥያቄ በ2007 ዓ.ም. «የለም» ብለው ፈርመዋል። ቅጹን እያነበብኩ ልጅቱ ወደ ደጅ ወጣች። አባትየው ጥቂት ከቆዩ በኋላ በዓመቱ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የዓይን ግፊት እንዳለባቸው እንደተነገራቸውና ሐኪሙ በጨለማ እንዳይነዱ እንደከለከላቸው ነገሩኝ። የሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓቱን ሥራ ልጅቱ እንድትረከብ የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነበር። ለባለቤታቸው እንኳ ሙሉውን አልተናገሩም።

«ጋሼ፣ ይህን ለኩባንያው ማሳወቅ አለብን» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት ነድቼ አንድ ሰው አልነካሁም። አሁን ዕውር ነው ተብሎ ይጻፍብኝ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ሲሰበር ተሰማኝ።

ያን ዕለት አልገፋሁባቸውም። ጉዳዩ ግን ግልጽ ነበር። ቤተሰቡ ሲጨነቅ የነበረው የልጅቱን ዕድሜ በማሳወቅ ላይ ነው፤ በሕግ ፊት ግን የአባትየው ዓይን ከዚያ የማያንስ፣ ምናልባትም የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ አደጋን የሚያባብስ ነገር ሲከሰት ለመድን ሰጪው የማሳወቅ ግዴታ እንዳለ የንግድ ሕጉ አንቀጽ 669 ይናገራል። አባትየው በቀን እየነዱ አንድ አደጋ ቢደርስና የሕክምና ማስረጃው ቢወጣ፣ ልጅቱን በሐቀኝነት ማስመዝገባቸው ራሱ ብቻውን አያድናቸውም ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ደውለው «ከሐኪሙ ደብዳቤ አጽፌአለሁ» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከዚህ በኋላ ዋጋ ወደ መደራደሩ ገባን። 11,875 ብር የጠየቀው ኩባንያ ስሌት ሲፈታ የ380,000 ብር 2.5 በመቶ፣ ማለትም 9,500 ብር፣ በላዩም ለጀማሪ ነጂ 25 በመቶ ጭማሪ ነው። አባትየው አዲስ ደንበኛ ስለሆኑ ምንም ቅናሽ አልታሰበላቸውም። መኪናን ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላው የሚያዛውር ሰው ካሳ እንዳልጠየቀ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀድሞው ኩባንያ ማምጣት እንደሚችል አያውቁም ነበር። ደብዳቤውን አስጽፈው ሲያሳዩ የ20 በመቶ ቅናሽ ተደረገላቸውና ዋጋው ወደ 9,500 ብር ወረደ። አንድ ገጽ ወረቀት 2,375 ብር አወረደች።

ነባሩ ኩባንያ ዘንድ የልጅቱን መንጃ ፈቃድና የዓይን ሐኪሙን ደብዳቤ ይዘን አብረን ሄድን። የውል ክፍሉ ባለሙያ ሁለቱንም በጥንቃቄ አነበበና ሁለት አማራጭ አቀረበ። በመጀመሪያው አማራጭ ክፍያው 5,852 ብር ሆኖ ይቆያል፤ ልጅቱ ነድታ አደጋ ቢደርስ ግን ኤክሰስ የሚባለው የባለቤቱ ድርሻ የጉዳቱ 10 በመቶ፣ ቢያንስ 4,000 ብር ይሆናል። በሁለተኛው አማራጭ በክፍያው ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ 6,729 ብር ከ80 ሳንቲም ይሆናል፤ ኤክሰሱ ደግሞ ጉዳቱ የቱንም ያህል ቢሆን 2,000 ብር ብቻ ነው።

አባትየው የመጀመሪያውን ሊፈርሙ ብዕር አነሡ፤ 877 ብር ከ80 ሳንቲም ያተርፋልና። ጥቂት እንዲታገሡ ለመንኳቸውና ወረቀት ላይ አሰላሁላቸው። ለትንሽ ጭረት ካሳ መጠየቅ አያዋጣም፤ በሚቀጥለው ዓመት የ30 በመቶው ቅናሽ ይቀራልና፣ እርሱ ብቻ 2,508 ብር ነው። ስለዚህ በሁለቱም አማራጭ ከአራት አምስት ሺህ ብር በታች ያለውን ጉዳት ራሳቸው ማሠራታቸው አይቀርም። የ40,000 ብር ጉዳት ቢደርስ በአንደኛው አማራጭ 4,000፣ በሁለተኛው 2,000 ብር ይወጣሉ። ይህም ብዙ አይደለም። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ብትወድም ግን በአንደኛው አማራጭ 38,000 ብር ያጣሉ፤ ይህ ከደመወዛቸው የብዙ ወራት ገቢ ነው። ለመድን ገንዘብ የሚከፈለው ቤት ሊሸከመው ለማይችለው ቀን ነው፤ ቤት የሚሸከመውን ትንሽ ጉዳት ለመሸፈን ብሎ ትልቁን ክፍት መተው ስሌቱን መገልበጥ ይሆናል። ሁለተኛውን መረጡ። አስቸጋሪው ክፍያው በአንድ ጊዜ መጠየቁ ነበር፤ እናቲቱ ለጥር የደረሳቸውን የገበያ እቁብ ሰጡና ተከፈለ።

ከመፈረማችን በፊት ሦስት ነገሮች በተጨማሪ ስምምነት ወረቀት እንዲጻፉ ጠየቅን። የመጀመሪያው የነጂዎቹ ስም ነው፦ አባትየው በሐኪሙ ደብዳቤ መሠረት በቀን ብርሃን ብቻ፣ ልጅቱ በማንኛውም ሰዓት። ሁለተኛው የዱቄቱ ጉዳይ ነው። የኮድ 2 መኪና መድን ለግል አገልግሎት የተሰጠ በመሆኑ፣ ለሱቅ የሚሄድ ዕቃ ጭኖ የተገኘ መኪና ለንግድ ውሏል የሚል ክርክር ሊነሣበት ይችላል። ባለሙያው የቤተሰቡን የራሱን ዕቃ ያለ ኪራይ መጫን እንደማይከለከል በጽሑፍ አሰፈረልን፤ ሰው በክፍያ መጫን ግን ውሉን እንደሚጥስ ለልጅቱ አጥብቆ ነገራት። ሦስተኛው ለነጂዋና ለተሳፋሪ የአካል ጉዳት ሽፋን ሲሆን 300 ብር ተጨመረበት። ነጂዋን የሚጠብቃት የሦስተኛ ወገኑ መድን ስላልሆነ ይህን ያለ ማመንታት መከርኩ። ጠቅላላ ክፍያው 7,029 ብር ከ80 ሳንቲም ሆነ።

አደጋው በሰኔ 2011 ዓ.ም. ደረሰ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ በማለዳ፣ ልጅቱ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር በኩል ከፊቷ የነበረ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዘች፤ መኪናዋ በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራታ ባጃጁን ከኋላ መታችው። የባጃጁ ነጂ ጉልበቱ ላይ ቆሰለ። ልጅቱ እንደ ተመካከርነው መኪናዋን ከቦታው ሳታንቀሳቅስ ትራፊክ ፖሊስ ጠራች፤ ከባጃጁ ነጂ ጋርም «እንካ ይህን ያህል ብርና እንለያይ» ወደሚል ስምምነት አልገባችም። አጠገቧ የተሰበሰበው ሰው ግን እንድትጨርሰው ወትውቷታል። በመንገድ ላይ ጥፋትን አምኖ መደራደር መድን ሰጪው ካሳ አልከፍልም እንዲል በር የሚከፍት በመሆኑ፣ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ይህን ማስታወሷን አደንቅላታለሁ።

በዚያው ዕለት ለኩባንያው አሳወቁ። መርማሪው መኪናዋን አይቶ ጉዳቱን ዘረዘረ፤ የፊት መከላከያ፣ አንድ የፊት መብራት፣ ኮፈኑና የራዲያተሩ ማሰሪያ። ጋራዦች ዋጋ አቀረቡና ዝቅተኛው 23,400 ብር ሆነ። ኩባንያው 2,000 ብር ቀንሶ 21,400 ብር ለጋራዡ ከፈለ፤ የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች በሳልቬጅ ስም ለኩባንያው ተመለሱ። የባጃጁ ጥገና 7,600 ብር፣ የነጂው አስቸኳይ ሕክምና 1,150 ብር ሲሆን ሁለቱም በሦስተኛ ወገን ሽፋኑ ተከፈሉ። በቀድሞው የ260,000 ብር ግምት ቢሆን ኖሮ ለቪትዟ የሚከፈለው ገና ኤክሰሱ ሳይነሣ ወደ 16,000 ብር ይወርድ ነበር። የልጅቱ ስም ባይጻፍ ኖሮ ደግሞ ስለ ካሳው ከመነጋገራችን በፊት ስለ ውሉ መፍረስ እንከራከር ነበር።

ሁሉም ነገር በሰላም አላለፈም። የፊት መብራቱ ከገበያ ጠፍቶ መኪናዋ አምስት ሳምንት ጋራዥ ቆመች። በእነዚያ ሳምንታት እናቲቱ ለባጃጅ የከፈሉትን የሚተካ ምንም ሽፋን በውሉ ውስጥ አልነበረም። በድርድሩ ጊዜ ይህን አለማንሣቴ የእኔ ጉድለት ነው፤ መኪናው ሲቆም የሚቀርን ጥቅም በውሉ ለማካተት መጠየቅ ነበረብኝ፣ ቢያንስ ቤተሰቡ ወጪውን አስቀድሞ እንዲያስብበት መናገር ነበረብኝ። ጋራዡ በመጀመሪያ ያመጣው መብራትም ያገለገለ ነበር፤ አባትየው ሳይቀበሉት ቀርተው በዋጋ ማቅረቢያው የተጻፈው አዲሱ እንዲገባ አድርገዋል። ልጅቱም ከአደጋው በኋላ ለሁለት ወር ያህል መሪ ለመያዝ ፈርታ ነበር። አባቷ እሑድ ጠዋት ጠዋት መኪና በማይበዛበት ሰዓት ከጎኗ እየተቀመጡ መልሰው አለማመዷት።

በጥር 2012 ዓ.ም. እድሳት ሲደርስ የ30 በመቶው ቅናሽ ቀርቷል። ግምቱ በ380,000 ብር ቢቆይ እንኳ ክፍያው 8,360 ብርና 15 በመቶ ጭማሪው፣ በድምሩ 9,614 ብር ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጋር ሲነጻጸር 2,884 ብር ከ20 ሳንቲም ይበልጣል። ከተቀበሉት 21,400 ብር አንጻር ካሳውን መጠየቃቸው ትክክል እንደነበር አሁንም አምናለሁ። ኩባንያው የልጅቱ መንጃ ፈቃድ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጭማሪውን እንደሚያነሣ በጽሑፍ ገልጿል፤ ይህም በኅዳር 2013 ዓ.ም. ነው።

ቅጹን ለማደስ ቤታቸው በሄድኩ ዕለት እናቲቱ ቡና አፍልተው ነበር። ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ሆና ቅጹን ስትሞላ አባትየው ከኪሳቸው ከሐኪሙ የተጻፈ ሁለተኛ ደብዳቤ አውጥተው ማንም ሳይጠይቃቸው ከፊቷ አኖሩላት። ልጅቱ አነበበችውና ቀና ብላ አየቻቸው። «የነጂዎች ስም ከሚለው ላይ እኔን አውጪኝ፤ የአንቺን ብቻ ጻፊ» አሏት፤ ባለቤታቸውም ይህን ሰሙ።